ሰኞ ሰኞ የሚበራው መብራት

(ደሴ፤ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በእንድሪስ ጋራዥ ግቢ። አሮጌዋ ባለ ተርቦ መኪና ቆማለች፤ እማማ ደብሪቱ የመኪናዋን ቁልፍ በመሐረብ ቋጥረው ጨብጠዋል።)

ደብሪቱ፦ አልሰጥህም አልኩ! መጀመሪያ እውነቱን ተናገር፤ ቁልፉን ከዚያ ትወስዳለህ።

እንድሪስ፦ እማማ፣ ያለ ቁልፍ እንዴት አድርጌ ልመርምራት? በዱዓ ላስነሳት?

ደብሪቱ፦ በምን እንደምታስነሳት እኔ ምን አውቄ! ሦስት ጊዜ «ድናለች፣ እንደ አዲስ ሆናለች» ብለህ መለስካት። ያቺ ቢጫ የሞተር መብራት ግን ተመልሳ ትበራለች። ትናንት ደግሞ አራተኛዋ። ልጄ ግዛቸው ቢኖር እንዲህ ትጫወትብን ነበር?

እንድሪስ፦ ግዛቸው ነፍሱን ይማረውና እንደ ወንድሜ ነበር። በሱ አይምጡብኝ።

ደብሪቱ፦ በማን ልምጣብህ ታዲያ? የወንድምህን ልጅ እኮ ነው በየቀኑ ሃረጎ ዳገት ላይ፣ በገደልና በከባድ መኪና መሃል የምታንጠለጥላት! የልጅ ልጄ ረድኤት ካለ እኔ ማን አላት? እኔስ ካለ ረድኤት ማን አለኝ?

እንድሪስ፦ እኔ አንጠለጠልኳት? ሥራዋ ኮምቦልቻ ነው፣ ቤቷ ደሴ ነው። ሃረጎን መሃል ላይ ያቆምኩት እኔ አይደለሁም።

ደብሪቱ፦ ቀልድ! ቀልድ ጨምርበት! እሺ፣ ሰዓቱን ንገረኝ።

እንድሪስ፦ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው።

ደብሪቱ፦ ያንተን ሰዓት አላልኩህም፤ የመኪናዋን። ሬዲዮው ሥር ያለችውን። ካንተ ዘንድ በመጣች ቁጥር ለምንድን ነው ከአንድ ሰዓት የምትጀምረው?

እንድሪስ፦ እሷማ... አሮጌ ሰዓት ናት፣ እማማ።

ደብሪቱ፦ አሮጌስ እኔም ነኝ፤ ጠዋት ስነሳ ከአንድ ዓመቴ አልጀምርም! ጎረቤቴን አቶ ካሳዬን ጠየቅኩት፤ ረድኤት ዛሬ በሕዝብ መኪና ስለሄደች ነድቶ ያመጣልኝም እሱ ነው። «ባትሪውን ነቅለው ሲመልሱት መብራቱም ይጠፋል፣ ሰዓቱም ከአንድ ይጀምራል» አለኝ። እስቲ ዓይኔን እያየህ ውሸት ነው በለኝ።

እንድሪስ፦ ነቅያለሁ።

ደብሪቱ፦ በስመ አብ! በስመ አብ በል አንተ ሰውዬ! «እሳት ተነሳ» እያለ የሚጮኽን ሰው አፉን አፍነህ አስተኝተህ ነው እንዴ «ድናለች» የምትለኝ?

እንድሪስ፦ አፏን ብቻ አላፈንኩም፤ ሠርቻታለሁ! ወላሂ ሠርቻታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ጉዳቱን አግኝቼ፣ አስተካክዬ፣ ከዚያ ነው መብራቱን ያጠፋሁት። መብራት ካላጠፉት ቢጠገንም ቶሎ አይጠፋም። መብራት የሚያጠፋውን ኮምፒውተር ደግሞ እኔ የለኝም፤ እኔ ያለኝ አሥር ቁጥር መፍቻና ባትሪ መንቀል ነው።

ደብሪቱ፦ ከሠራሃት ለምን ትመለሳለች?

እንድሪስ፦ እሱን ባውቅማ ሦስት ጊዜ በመኪናዋ ሥር እተኛ ነበር? የትከሻዬን ጅማት ይዩት፤ ቀና ማለት አቅቶኛል።

ደብሪቱ፦ ጅማትህን ተወውና ሕመሟን ንገረኝ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ሲያስረዱኝ ይገባኛል። እሷን ስጠይቃት «ምንም አይደለም እማዬ»፣ አንተን ስጠይቅህ «ምንም አይደለም እማማ»። ምንም ያልሆነ ነገር ምን ብሎ ይበራል?

እንድሪስ፦ እሺ፣ ያዳምጡኝ። ተርቦ ማለት አየር አፍኖ ወደ ሞተር የሚነፋ ወናፍ ነው። ከተርቦው ወደ ሞተሩ አየሩን የሚወስድ ወፍራም የጎማ ቱቦ አለ። ያ ቱቦ ከብረት ማሰሪያው ሾልኮ ይወጣል። ሜዳ ላይ ችግር የለም። ዳገት ላይ ግን ተርቦው በኃይል ሲነፋ ቱቦው ፉስ ብሎ ይለቃል፣ አየሩ ውጭ ይበተናል፣ መኪናዋ ጉልበት ታጣለች፣ መብራቱ ይበራል። ይኸው ነው።

ደብሪቱ፦ ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች? ከኋላዋ ሲኖትራክ እየመጣ?

እንድሪስ፦ ዳር ይዛ በአንደኛ ማርሽ ትወጣለች። ጎበዝ ናት።

ደብሪቱ፦ ይህን እያወቅክ ነው ዝም ያልከኝ? አንጀቴን እኮ ነው የቆረጥከው! ምን አደረግኩህ? ከግዛቸው ጋር ከአንድ ትሪ አላበላሁህም? በጾም እንኳ ላንተ ብዬ ለብቻ...

እንድሪስ፦ ዝም ያልኩት አስምላኝ ነው!

ደብሪቱ፦ ማን?

እንድሪስ፦ ያስለፈለፉኝ እርስዎ ነዎት እንግዲህ። ረድኤት ናት። «እማዬ መብራቷን እንዳታይ አጥፋልኝ» ብላ፣ እዚች እርስዎ የቆሙበት ቦታ ላይ ቆማ አስማለችኝ።

ደብሪቱ፦ ከኔ ደብቅልኝ አለችህ? ረድኤት?

እንድሪስ፦ አዎ። መብራቱን ካዩ አይተኙም። ካልተኙ አያስተኟትም። በየአሥር ደቂቃው ይደውሉላታል፤ «የት ደረስሽ? በራ? ጠፋ? የምን ድምፅ ነው የምሰማው?» እየነዳች እኮ ነው የምታነሳው! ባታነሳ ደግሞ እዚህ ለኔ ይደውሉልኛል። እውነቱን ልንገርዎት? ሃረጎ ላይ ከመብራቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ የእርስዎ ስልክ ነው።

ደብሪቱ፦ አፍህን ያዝ! ልጅ ቀብሬ ነው የምደውለው። አንተ ልጅ ቀብረሃል?

እንድሪስ፦ አልቀበርኩም። አላህ አያሳየኝ። ይቅር ይበሉኝ።

ደብሪቱ፦ አልልህም። እንዲያውም ጨርሻለሁ። ለደላላው ነግሬዋለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ገዢ ይዞ እዚሁ ይመጣል። ሊብሬው በስሜ ነው፤ ማንንም አላስፈቅድም። እሷም እንደ ሰው ልጅ በሕዝብ መኪና ትመላለስ።

እንድሪስ፦ ረድኤት ታውቃለች?

ደብሪቱ፦ ማታ ስትመጣ ታውቃለች።

እንድሪስ፦ እማማ ደብሪቱ፣ ይህን አያድርጉ።

ደብሪቱ፦ እሷ ከኔ መብራት ከደበቀች እኔ መኪና ብደብቅባት ምን ይገርማል?

እንድሪስ፦ ማታ የምትመጣ መስሎዎት ነው? መኪናዋ ከተሸጠች ኮምቦልቻ ቤት ልትከራይ ነው። ከሥራ ባልደረባዋ ጋር አይታዋለች። ሁለት ክፍል፣ ውሃ ያለው።

ደብሪቱ፦ ምን አልክ?

እንድሪስ፦ የሰሙትን ነው ያልኩት። ከማታ ትራንስፖርት ሰልፍና ከእርስዎ ቁጣ አንዱን እንኳ ትችለዋለች፤ ሁለቱን አትችልም። እስካሁን ደሴ ያቆያት እርስዎ ነዎት፤ ያመላለሳት ደግሞ ይህች መኪና። መኪናዋን ሽጠው ልጅቷን አስቀራለሁ ካሉ ተሳስተዋል። ሁለቱንም ነው የሚሸኙት።

ደብሪቱ፦ ውሸትህን ነው። ልታስፈራራኝ ነው።

እንድሪስ፦ በባትሪው ዋሽቻለሁ። በዚህ አልዋሽም።

ደብሪቱ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ንገረኛ! ብሸጣት ልጄ ትሄዳለች፣ ባልሸጣት ልጄ ገደል ትገባለች። ለዚህ ነው ያሳደግኳት? አባቷን ሆስፒታል አስተኝቼ በዓይኔ ስጠብቀው አመለጠኝ። በዓይኔ እያየሁት! እሷን በማላየው ዳገት ላይ እንዴት አድርጌ ልጠብቃት?

እንድሪስ፦ መጀመሪያ ቁልፉን ይስጡኝ። ስምንት ሰዓት ገና ነው። አንድ ቱቦ ስንት ጊዜ ይሾልካል? የሆነ የማላየው ነገር አለ።

ደብሪቱ፦ ይኸው። ንካና አንድ ነገር አበላሽብኝ፣ ከዚህ ግቢ አልወጣም።

እንድሪስ፦ አውቃለሁ፤ እንደማይወጡ። ኮፈኑን ልክፈት። ይኸው፣ ይዩት! አሁንም ሾልኳል። አዲስ ቱቦ ከገጠምኩላት እኮ ገና አሥራ አምስት ቀኑ ነው! ጥብቅ አድርጌ፣ ጥርሴን ነክሼ ነበር ያሰርኩት። ትናንት ነው የበራው አይደል?

ደብሪቱ፦ ትናንት፣ ኅዳር አሥራ ስድስት። ጽፌዋለሁ። ደብተር አለኝ፤ እንዳንተ በቃሌ አልሠራም።

እንድሪስ፦ ደብተር? የመብራቱን?

ደብሪቱ፦ በራ ስትል ከአፏ እየነጠቅኩ፣ ካልነገረችኝም ማታ ስትገባ፣ ሞተሩን ሳታጠፋው በመስኮት አጮልቄ። ጥቅምት አራት። ጥቅምት አሥራ ስምንት። ኅዳር ሁለት። ኅዳር አሥራ ስድስት። ምን ታደርግልሃለች ደብተሯ?

እንድሪስ፦ ቆይ፣ ቆይ። ትናንት ሰኞ ነው። ኅዳር ሁለትም ሰኞ። ጥቅምት አሥራ ስምንት... ሰኞ። ያ ረቢ! ሁሉም ሰኞ ነው!

ደብሪቱ፦ ሰኞ ምን ያደርጋል? መብራት ቀን ይመርጣል?

እንድሪስ፦ መብራት አይመርጥም። ሰው ነው ቀን የሚመርጠው። ዓርብ ማታ ደህና ገብታ ሰኞ ጠዋት ታምማ የምትወጣ ከሆነ፣ መሃሉ ላይ የሆነ ነገር አለ። ቅዳሜና እሑድ መኪናዋን ማን ይነካታል?

ደብሪቱ፦ ማንም አይነካት! ግቢ ውስጥ ነው የምትቆመው። በሩን እኔ ነኝ የምቆልፈው።

እንድሪስ፦ ረድኤት ታጥባታለች?

ደብሪቱ፦ ቅዳሜ ከሰዓት እሷ ጸጉሯን ልትሠራ ነው የምትሄደው።

እንድሪስ፦ እና?

ደብሪቱ፦ እና ምን? እና የለም።

እንድሪስ፦ ይህን ቱቦ ልንቀለው። ኧረ! ይህ ደግሞ ምንድን ነው የሚሸተኝ?

ደብሪቱ፦ ያንተው ግቢ ይሆናላ። መቼ ጸድቶ ያውቃል?

እንድሪስ፦ ላምባ ነው። ረድኤትም ነግራኝ ነበር፤ «ጋሼ እንድሪስ፣ ሰኞ ሰኞ መኪናዋ ላምባ ላምባ ትላለች» ብላ። እኔ ደግሞ ናፍጣው ላይ ላምባ ቀላቅለውባት ነው ብዬ፣ ታንከሯን ገልብጬ፣ ማጣሪያ ቀይሬ፣ ናፍጣ ከምትቀዳበት ማደያ ሄጄ ሰውየውን በሰው ፊት ሌባ ብዬ ሰድቤው መጣሁ! አንገት ለአንገት ነው የተያያዝነው! እስከ ዛሬ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። ሽታው ግን ከናፍጣው አይደለም። ከላይ ነው። ቱቦው ራሱ ነው ላምባ የሚሸተው። የተቀባ ነው የሚመስለው።

ደብሪቱ፦ ብትቀባስ ምን ትሆናለች?

እንድሪስ፦ እማማ?

ደብሪቱ፦ ብትቀባስ አልኩ!

እንድሪስ፦ ማን ነው የቀባት?

ደብሪቱ፦ እኔ ነኝ! ቀባኋት! አንተ ያላደረግክላትን ነው ያደረግኩላት! ኮፈኗ ሥር አይጥ ጎጆ ሠርታ አገኘኋት፤ ጨርቅ፣ ላባ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ። የአቶ ካሳዬን መኪና ሽቦ በልታበት መሃል መንገድ ላይ አልቆመም? አይጥ የላምባ ሽታ አትወድም። እኔም በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጨርቄን በላምባ ነክሬ፣ ጎማ የሆነውን ሁሉ አንድ ባንድ፣ እንደ ሕፃን ነው የምጠርግላት። ከመስከረም ጀምሮ አንዲት አይጥ ዝር አላለችም!

እንድሪስ፦ አይጧማ ዝር አትልም! አይጧ ብልህ ናት! ላ ኢላሃ ኢለላህ! ወር ተኩል! ወር ተኩል ሙሉ ጀርባዬን የሰበርኩት፣ ከሰው የተጣላሁት፣ ልጅቷ ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ የተንፏቀቀችው በእርስዎ ጨርቅ ነው?

ደብሪቱ፦ ጨርቄ ምን አደረገ? ላምባ ንጹሕ ነገር ነው! ቁስል እንኳ እናጥብበት ነበር!

እንድሪስ፦ ጎማ ግን ቁስል አይደለም! ላምባ ጎማ ይበላል፣ እማማ! ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ያንሸራትታል። ማሰሪያው የሚይዘው ያጣል። ደግሞ ካላመኑኝ ይህን አዲሱን ቱቦ ይያዙት፤ ለመጠባበቂያ አዝዤው ትናንት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣልኝ ነው። ይጫኑት። በደንብ!

ደብሪቱ፦ ድንጋይ ነው።

እንድሪስ፦ አሁን ይህን የእርስዎን ይጫኑ። ገና አሥራ አምስት ቀኑ ነው። ምን ይመስላል?

ደብሪቱ፦ ውሃ የገባበት ዳቦ።

እንድሪስ፦ አሁንስ ማን ነው ልጅቷን ያንጠለጠላት?

ደብሪቱ፦ እመብርሃን... እመብርሃን፣ እኔ ነኝ? በገዛ እጄ?

እንድሪስ፦ ይቀመጡ። ይኸ በርጩማ ንጹሕ ነው። ይቀመጡ፣ ውሃ ላምጣልዎት።

ደብሪቱ፦ ውሃ አልፈልግም! አትዘንልኝ! ጩኽብኝ፤ ቅድም ስትጮኽ ይሻለኝ ነበር። እንዳይነካት ብዬ... ጥፍሬ እስኪላጥ ነው የጠረግኩላት እኮ። እጄ እስከ እሑድ ይሸታል። እሷ ደግሞ «እማዬ ላምባ ምን ያደርግልሻል» ትለኛለች፤ ወገቤን አሸሁበት እላለሁ።

እንድሪስ፦ ይዋሿታላ።

ደብሪቱ፦ እዋሻታለሁ። ብነግራት «ተይ» ትለኛለቻ።

እንድሪስ፦ እሷም እርስዎን ያልነገረችው ለዚሁ ነው። አንዳችሁ መብራት ስታስጠፉ፣ አንዳችሁ ላምባ ስትቀቡ፣ መሃል ላይ እኔ አበድኩ።

ደብሪቱ፦ እንድሪስ።

እንድሪስ፦ አቤት።

ደብሪቱ፦ አይጥ ቆርጣው ነው በላት።

እንድሪስ፦ ምን?

ደብሪቱ፦ ለረድኤት። ቱቦውን አይጥ ነው የበላው በላት። በግዛቸው ይዤሃለሁ።

እንድሪስ፦ አልልም! ስለ እሷ ብዬ እርስዎን ዋሸሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲወርድብኝ የነበረውን ያውቁታል። አሁን ደግሞ ስለ እርስዎ ብዬ እሷን ልዋሽ? እኔ ጋራዥ ነው የከፈትኩት፣ የሁለታችሁ የምሥጢር ሳጥን አይደለሁም! እስከ ማደያው ሰውዬ ድረስ ይቅርታ የምጠይቀው ስንቱን ነው?

ደብሪቱ፦ ትንቀኛለች።

እንድሪስ፦ አትንቅዎትም። ትቆጣለች። ደህና አድርጋ ትቆጣለች። በእርስዎ የወጣች ናት፤ ትችልበታለች።

ደብሪቱ፦ አዲሱን ግጠምና ላምባውን አጥበህ አውጣልኝ። ደላላውንም ደውለህ እንዳይመጣ ንገረው። ገዢ አግኝቻለሁ ካለህም አላውቅልህም ብላለች በለው።

እንድሪስ፦ እነግረዋለሁ። በሳሙና አጥባለሁ፣ ማሰሪያውንም አዲስ አደርጋለሁ። ግን እዚህ ሆኜ «ድናለች» አልልዎትም፤ ከእንግዲህ ያን ቃል አልናገርም። መዳኗ የሚታወቀው ሃረጎን ስትወጣ ነው። በረድኤት የሥራ መውጫ ሰዓት መኪናዋን ኮምቦልቻ አወርዳታለሁ። ዳገቱን ስንወጣ ረድኤት ትነዳለች፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ የቱቦውን ድምፅ አዳምጣለሁ።

ደብሪቱ፦ እሷ ለምን? አንተ አትነዳም?

እንድሪስ፦ የመኪናዋን ትንፋሽ የምታውቀው እሷ ናት። የቱ መታጠፊያ ላይ እንደምትደክም፣ የቱ ጋ ማርሽ እንደሚለወጥላት፣ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። ለመሆኑ እርስዎ አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጠው ስትነዳ አይተዋት ያውቃሉ?

ደብሪቱ፦ እኔ? ምን ልሁን ብዬ! በር ላይ ቆሜ ነው የምሸኛት። መታጠፊያውን ስታልፍ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

እንድሪስ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ? አንድም ቀን?

ደብሪቱ፦ አንድም ቀን።

እንድሪስ፦ ታዲያ የሚፈሩት ምኑን ነው? አይተውት የማያውቁትን?

ደብሪቱ፦ ስልክህን አምጣ። የኔ ከሆነ ልትጨነቅብኝ ነው ብላ አታነሳውም።

እንድሪስ፦ እየጠራ ነው። ይያዙ።

ደብሪቱ፦ ሄሎ፣ ረድኤት? እኔ ነኝ። አይ፣ ምንም አልሆንኩም... ምንም አልሆንኩም አልኩሽ! እንድሪስ ጋ ነኝ። አዎ፣ ነግሮኛል። ባትሪውንም፣ ቤቱንም። አላለቅስም፤ ጉንፋን ነው። ስሚኝ፣ መኪናዋን ይዘን ወደ ማታ እንመጣለን፤ በር ላይ ጠብቂን። የለም፣ የምትነጂው አንቺ ነሽ፣ እኔ ከፊት አጠገብሽ ነኝ። ዓይኔን አልጨፍንም። መንገድ ላይ የምነግርሽ አንድ ጥፋት አለኝ፤ የኔ ጥፋት ነው፣ የማንም አይደለም፤ ብቻ አደራሽን፣ ዳገቱን እስክንጨርስ እንዳትቆጪኝ።